ከአባታችን የወረስነው የበርማ እንጨት ቅርጽ ግምቱ ስንት ይሆን?

የቀሐዋ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ፤ የምጽፈው ከጎንደር ነው። አባታችን በ1947 ዓ.ም. በተከፈተው የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ሲያገለግሉ፣ የሥራ ዘመኑን ጨርሶ ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ የውጭ አገር መምህር በስጦታ የተወላቸው የእንጨት ቅርጽ ቡፌያችን ላይ ይገኛል። ቁመቱ 46 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ተንበርክኮ መዳፎቹን ደረቱ ላይ የገጠመ፣ ራሱን የተላጨ መነኩሴ ያሳያል፤ ልብሱ በወርቅ ተለብጦ ጠርዙ ላይ ትንንሽ የመስተዋት ቁራጮች ተሰክተውበታል። አባታችን «የበርማ (የዛሬዋ ምያንማር) ነው» ከማለት በቀር ያጫወቱን ነገር የለም። አሁን ውርስ ስንካፈል ታላቅ ወንድሜ ይህን የሚመስል በኢንተርኔት በ4,000 ዶላር ለሽያጭ ቀርቦ ስላየ በዚያው ይገመት ይላል፤ ሽማግሌዎቹ ግን እንኳን ዋጋውን ምንነቱንም ስለማናውቅ አንፈርድም አሉ። ከምን ልጀምር?

አትሮኖስ ጠራቢ

እህቴ፣ ከዋጋው በፊት ቅርጹን ፎጣ ላይ ቀስ አድርገው ያስተኙና መቀመጫውን ይመልከቱ፤ እኛ ጠራቢዎች ሥራን የምንመረምረው ሠሪው ለማሳመር ካልደከመበት ወገን ነው። ቅብ ያልነካው እንጨት ዕድሜ ሲጠግብ ወደ ግራጫና ቡናማ ያደላል፤ የመሮው ዱካም ወጣ ገባ ሆኖ ይታያል። ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ከሆነ ወይም የጫማ ቀለም ከሸተተ፣ ሆን ተብሎ እንዲያረጅ ተደርጓል ብዬ እጠረጥራለሁ። የበርማ ጠራቢዎች አብዝተው የሚሠሩበት ቲክ የተባለው ዛፍ በተፈጥሮው ቅባት ያለው ስለሆነ ውስጠኛው እንጨት ምስጥን አጥብቆ ይቋቋማል፤ ስለዚህ እንደ ወንፊት የተበሳሳ «ጥንታዊ ቲክ» ካጋጠመዎት ወይ እንጨቱ ሌላ ነው፣ ወይ ቀዳዳው የሰው ሥራ ነው። አደራ፣ አይፋቁት፤ በውሃም ሆነ በዘይት አያብሱት።

የቀድሞ የሙዚየም ሠራተኛ

ከገለጻዎ እንደምረዳው ምስሉ የቡድሃ ሳይሆን ከሁለቱ ዋና ደቀ መዛሙርቱ፣ ከሳሪፑታና ከሞጋላና የአንዱ ሳይሆን አይቀርም። እነዚህ በቡድሃው ቀኝና ግራ ተንበርክከው የሚቀመጡ ጥንዶች በመሆናቸው፣ ብቻውን የቀረው አንዱ የተሟላውን ጥንድ ግማሽ ዋጋ እንኳ ላያወጣ ይችላል፤ ወንድምዎ ያዩት ጥንዱን ከሆነ ንጽጽሩ ከመነሻው ስቷል። በዚያ ላይ 4,000 ዶላር ሻጭ የጠየቀው እንጂ ገዥ የከፈለው አይደለም፤ ገማቾች የሚመለከቱት በጨረታ በእርግጥ የተሸጠውን ነው።

የመስተዋቱ ጌጥ የማንዳላይ ስልት መለያ ነው። ማንዳላይ እ.ኤ.አ. በ1857 ተቆርቁራ እንግሊዞች በ1885 እስኪይዟት ድረስ የበርማ ነገሥታት መናገሻ ነበረች፤ ይሁን እንጂ በዚያ ስልት መሥራት ከመንግሥቱ ጋር ስላልቆመ፣ «የማንዳላይ ስልት ነው» ማለት «የዚያ ዘመን ነው» ማለት አይደለም። ሻጮች ይህን ልዩነት ማድበስበስ ይወዳሉ። መስተዋቱ የተሰካበትን ሊጥ መሰል ነገር በማጉያ መነጽር ይዩት፤ ጥቁር የዛፍ ሙጫ ከአመድ ጋር ተቦክቶ የሚሠራ ሲሆን፣ ሲያረጅ በስሱ ይሰነጣጠቃል። ምእመናኑ ስስ የወርቅ ቅጠል በየጊዜው ስለሚደርቡ የቆየ ምስል ወርቁ ንብርብር ሊሆን ይችላል፤ ወርቅ አይዝግም፣ ርካሹ የነሐስ ቅብ ግን እየቆየ ይጠቁራል ወይም አረንጓዴ ያወጣል። ዕድሜውን ለማወቅ የካርቦን ምርመራ ይደረግ የሚልዎ ቢኖር ገንዘብዎን አያውጡ፤ እ.ኤ.አ. ከ1650 ወዲህ ላለው ዘመን ውጤቱ የተምታታ ከመሆኑም በላይ፣ የሚናገረው ዛፉ ያደገበትን እንጂ ቅርጹ የተቀረጸበትን ጊዜ አይደለም።

የቀሐዋ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መቀመጫው ግራጫ ነው፤ የመሮ ዱካም አለበት። ግራ ጉልበቱ ላይ ግን ቅቡ ጠቁሮ ከሥሩ ነጭ ነገር ይታያል።

የቀድሞ የሙዚየም ሠራተኛ

ነጩ ነገር የጀሶ ጥገና ይመስላል፤ በላዩም የነሐስ ቅብ ተቀብቷል። ይህ ዋጋውን ይቀንሳል እንጂ ቅርጹን ሐሰተኛ አያደርገውም። መቀመጫውን፣ ጉልበቱን፣ ጀርባውንና የመስተዋቱን ጠርዝ በቀን ብርሃን፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው ፎቶ ያንሱና በእስያ ጥበብ ላይ ለሚሠራ ገማች ይላኩ። የሚፈልጉት የውርስ ግምት መሆኑን አስቀድመው ይንገሩት፤ ለኢንሹራንስ የሚሰጠው ከፍ ያለ ነውና። ከአባትዎ የድሮ ፎቶግራፎች መካከልም ቡፌው ከኋላ የሚታይበት ቢገኝ፣ ቅርጹ ከመቼ ጀምሮ በቤታችሁ እንደነበረ ስለሚመሰክር አብረው ይላኩት።