አስቸኳይ! የቀሚሱ ውስጥ እየተተረተረብኝ ነው፤ ኦቨርሎክ የለም

የሽምብጥ ልጅ (ጠያቂ)፦
እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ! የእህቴ መልስ እሁድ ነው። ቀሚሷን የሰፋሁላት እኔ ነኝ። ከላይ ሲያዩት እንከን አይወጣለትም፤ ውስጡ ግን ጉድ ነው። ጎንና ጎኑ ላይ ክሩ እየተመዘዘ ፂም አውጥቷል። ጠርዙን በሚጠልፈው ማሽን፣ በኦቨርሎክ፣ ላስመታው ብል መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፤ የሰፈሩ ሰፊዎች በር ላይ ቡና እየጠጡ ነው። እኔ ያለኝ የእግር ሲንጀር ነው፣ ቀጥታ ብቻ ነው የሚሰፋ። ምን ይሻለኛል?

ዓባይ ማዶ፦
ጨርቁ ምንድን ነው? ዋናውን ነገር ሳትነግሪን!

ፋሲሎ፦
ላይተር ጠጋ አድርጊበት። ጠርዙ ቀለጥ ብሎ ይያያዛል፣ አለቀ።

ጣና ዳር፦
ኧረ በማርያም! እሱ ለፖሊስተር ነው። ጥጥ አይቀልጥም፣ ይነዳል። ሙሽራዋን ደመራ ልታደርጋት ነው እንዴ?

ጋሽ መቀስ፦
ይህ መታሰብ ያለበት ከመሰፋቱ በፊት ነው። ዛሬ ሁሉም ኦቨርሎክ፣ ኦቨርሎክ ይላል። ፍሬንች ሲም፣ ጠርዙን ውስጡ የሚደብቀው ድርብ ስፌት፣ ግን ቀጥታ በሚሰፋ ሲንጀር ይሠራል። ሴንቲ ተኩል ትርፍ ትይዣለሽ። ጨርቁን ጀርባ ለጀርባ ገጥመሽ ከጠርዙ 9 ሚሊ ገባ ብለሽ ትሰፊያለሽ። ትርፉን 3 ሚሊ እስኪቀር ትከረክሚያለሽ። ከዚያ ገልብጠሽ ፊት ለፊት ታደርጊና፣ በካውያ ተጭነሽ፣ 6 ሚሊ ላይ ትደግሚዋለሽ። የተቆረጠው ጠርዝ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። መብራት ከሌለ የከሰል ካውያ አለ።

የሽምብጥ ልጅ፦
ጋሼ፣ ተሰፍቷል እኮ! ፊት ለፊት ገጥሜ ነው የሰፋሁት። መፍታት ከጀመርኩ እሁድ አልደርስም። ጨርቁ ሸማ ነው።

የሸማኔ ልጅ፦
ሸማ ከሆነማ መጀመሪያ ለምን ዳሩን ቆረጥሽው? ሸማኔው ዳሩ ላይ ማጉን፣ የአግድሙን ክር፣ እያዞረ ስለሚመልሰው አይተረተርም። ጋቢም ዳር ለዳር ተገጥሞ ነው የሚሰፋ። አንቺ ዳሩን ጥለሽ መሀሉን ገጠምሽ፣ አሁን ድሩም ማጉም ልቅ ነው።

የሽምብጥ ልጅ፦
ወገቧ እንዲጠብ ብዬ ነዋ! ከነዳሩ ብሰፋው ጆንያ ይሆናል።

ቀበሌ 14፦
ፍሬንች ሲም አድርጊው፣ በጣም ያምራል።

የሽምብጥ ልጅ፦
ተሰፍቷል አልኩ!!

እትዬ ክር፦
እታለሜ፣ አትፍቺው። ከስፌቱ ውጭ ስንት ተረፈሽ? ከሴንቲ በላይ ካለሽ ሁለቱን ጠርዞች ወደ ውስጥ፣ እርስ በርስ እንዲተያዩ አድርገሽ እጠፊያቸው። የታጠፉትን ገጥመሽ ጫፍ ጫፉን አንዴ በሲንጀር ሂጂበት። ሲያዩት ቁርጥ ፍሬንች ሲም ነው። መጀመሪያ በወፍራም ክር ሻጥ ሻጥ አድርገሽ ያዢው፣ ሸማ ይንሸራተታል። ግማሽ ሴንቲ ብቻ ከሆነ ግን ስስ ጨርቅ በሰያፍ ቁረጪና አልብሺው፤ 3 ሴንቲ ስፋት ይበቃል። ብብቱ ጋ መታጠፍ አይሆንም፣ ይወፍራል፣ ይከረክራታል። እዚያ በእጅ መርፌ፣ በነጠላ ክር፣ ጠርዙን እየዞርሽ ጥለፊው። ክሩን አትሳቢው፣ ጠርዙ ይኮማተራል።

ፋሲሎ፦
ዚግዛግ የሚቆርጠው መቀስስ?

እትዬ ክር፦
ለጠንካራ ጨርቅ እንጂ። ሸማ ላይ ትንሽ ያዘገየዋል፣ ሲታጠብ ያው ነው።

የሽምብጥ ልጅ፦
ጎኑ ላይ ሴንቲ ከሩብ አለኝ! ብብቱን ግን ከርክሜዋለሁ። ልሞክረው፣ እግዜር ይስጥልኝ እትዬ።

ዓባይ ማዶ፦
በዚያው ልጠይቅ፣ የጂንስ ሱሪ እግር ላይ ያለው ባለ ሁለት መስመር ስፌትስ በእግር ሲንጀር ይሆናል?

ጋሽ መቀስ፦
ይሆናል። ሰፍተህ አንዱን ትርፍ በግማሽ ትከረክማለህ፣ ሌላውን በላዩ አጥፈህ ታለብሰዋለህ፣ ከዚያ አስተኝተህ ትደግመዋለህ። መርፌውን ግን ወደ 100 ቁጥር ቀይር፤ በቀጭኑ ከሞከርክ ይሰበርብሃል።