ከባህር ዳር ወደ አዲስ አበባ፦ አያት፣ ጀሞ ወይስ ገርጂ?

የጣና እናት፦
ሰላም ወገኖች። ክረምቱን ከባህር ዳር ጠቅልለን አዲስ አበባ እንገባለን። የባለቤቴ ሥራ ሜክሲኮ ነው፤ ትልቋ ሦስተኛ ክፍል፣ ትንሹ ኬጂ ይገባሉ። ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም እየፈለግን ነው፤ ደላላው አያት፣ ጀሞና ገርጂ አሳይቶናል። ምን አይተን እንወስን?

መንገደኛ፦
እህቴ፣ ከቤቱ በፊት ትምህርት ቤቱን ምረጡ። ትልቅ ሰው ሰልፍ ይችላል፤ የኬጂ ልጅ ግን በሌሊት ተቀስቅሶ ሰርቪስ ላይ ማንቀላፋት የለበትም። በእግር ከ15 ደቂቃ የማይርቅ ትምህርት ቤት ያለበትን ሳይት ፈልጉና ቦታ መኖሩን አሁኑኑ ጠይቁ። የትልቋን መልቀቂያና የውጤት ካርድ፣ የሁለቱንም የልደት ምስክር ወረቀት እንዳትረሱ።
ሥራው ሜክሲኮ ከሆነ ገርጂን ተዉት፤ እሱ ቦሌ ለሚሠራ ሰው ነው። ባቡሩ ከአያት ተነስቶ በመገናኛና በስታዲየም አድርጎ ሜክሲኮ ይደርሳል። ጠዋት አያት መነሻ ስለሆነ ወንበር ይገኛል፤ ጉርድ ሾላ ላይ የሚጠብቀው ግን ለመቆምም ይጋፋል። ማታ ይገለበጣል፦ ከሌላው ጫፍ ከጦር ኃይሎች ጣቢያ ሞልቶ ነው ሜክሲኮ የሚደርሰው።

ጀሞ ሁለት፦
የሚሠሩት ባቡሮች ጥቂት ስለሆኑ በእነሱ ብቻ አትተማመኑ። ከጀሞ በሳር ቤት በኩል ሜክሲኮ የሚገባ ታክሲ አለ። እሁድ አይታችሁ ግን አትወስኑ፤ እሁድ ሁሉም ሰፈር ቅርብ ነው። ባለቤትሽ ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ከቤቱ በር ተነስቶ ሜክሲኮ ይሂድ፣ 11:30 ላይ ይመለስ።
ከመንገዱ ይልቅ ሰው የሚማረረው በውሃ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ስንት ቀን እንደሚጠፋ ደላላውን ሳይሆን የብሎኩን ነዋሪ ጠይቁ፤ ያውም አንዱን ከምድር ቤት፣ አንዱን ከላይኛው ፎቅ። ለአራት ሰው በቀን 240 ሊትር ብታስቡ የ1,000 ሊትር ሮቶ አራት ቀን ያህል ያቆያል።

የጣና እናት፦
አራተኛ ፎቅ በርካሽ አግኝተናል። ሮቶውን በረንዳ ላይ ብናደርገውስ?

ጀሞ ሁለት፦
በፍጹም! 1,000 ሊትር ውሃ አንድ ቶን ነው፤ በረንዳው ለዚያ አልተሠራም። ሮቶው መሬት ላይ ተቀምጦ በፓምፕ ይሳብ። አራተኛ ፎቅ ወደ 12 ሜትር ከፍታ አለው፤ በፈረቃው ቀን የታችኞቹ ሁሉ ቧንቧ ሲከፍቱ ግፊቱ እዚያ አይደርስም። መብራት ሲጠፋ ፓምፑም ስለሚቆም አንድ 200 ሊትር በርሜል ክዳን ያለው ቤት ውስጥ ይኑራችሁ። ሊፍት ስለሌለ ጋዝ ሲሊንደሩም በትከሻ ነው የሚወጣው።

ውል አዋቂ፦
ከመፈረማችሁ በፊት አከራዩ ባለቤት መሆኑን ከቤቱ ሰነድና ከመታወቂያው አመሳክሩ፤ ተከራይቶ የሚያከራይ ሞልቷል። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር አይበልጥም፣ በ30 ቀን ውስጥም ይመዘገባል። የስድስት ወር ካልከፈላችሁ የሚል ካለ ይህን ንገሩት። ውሉ ላይ ከምትከፍሉት ያነሰ ዋጋ እንዲጻፍም አትስማሙ፤ ክርክር ቢነሳ የሚታየው ወረቀቱ ነው። ኪራዩን በባንክ ክፈሉ። የመብራትና የውሃ የመጨረሻ ደረሰኝም ጠይቁ፤ አለዚያ የቀድሞው ተከራይ ዕዳ እናንተ ላይ ያርፋል። ከባህር ዳር ቀበሌያችሁ መሸኛ ይዛችሁ ኑ፤ ለነዋሪነት መታወቂያ ወረዳው ይጠይቃችኋል።