2147483647 በእውነት ፕራይም ነው?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ናችሁ? የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ይህ ቁጥር ፕራይም ነው (ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም) ሲሉ ሰማሁና ማታ በዚያ ብርድ ጋቢዬን ለብሼ፣ ስልኬ ላይ ከ3 ጀምሬ ሳካፍል ሳካፍል 400 ላይ ስደርስ ደከመኝ። እስከ ስንት ነው የምቀጥለው?

መልስ (ከሸዋ ሮቢት)፦
ጎበዝ ልጅ! ስኩዌር ሩቱ 46340 ከምናምን ነው፣ ከዚያ በላይ አትሂድ። ግን ቁጥሩ 2 ፓወር 31 ሲቀነስ 1 መሆኑን ልብ በል። የዚህ ቁጥር አካፋይ የሚሆን ከሱ ያነሰ ፕራይም ቢኖር፣ ለ62 (ማለትም 2 ሲባዛ በ31) ሲካፈል የግድ 1 ይተርፈዋል። ስለዚህ 3፣ 7፣ 11 እያልክ አትልፋ። የመጀመሪያው እጩ 311 ነው። የሒሳብ ሊቁ ኦይለር በ1772 እንዲህ እያጣራ ነው ፕራይም መሆኑን ያረጋገጠው፣ ያውም ያለ ካልኩሌተር! እኔን እስካሁን ይገርመኛል።

መልስ (ከመሐል ሜዳ)፦
31 ፕራይም ስለሆነ ብቻ ቁጥሩም ፕራይም ይሆናል ብለህ ደግሞ እንዳትሸወድ። 11ም ፕራይም ነው፤ 2 ፓወር 11 ሲቀነስ 1 ግን 2047 ነው፣ እሱም 23 ሲባዛ በ89።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ! ለ311 ደግሜ አካፈልኩት፣ 35 ተረፈ። ወደ ቀጣዩ ልሂድ።