ለ12 ዶሮዎች የሚታጠብ ቤት በምን ልሥራ?

ሰላም ወገኖች። ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፤ ጓሮዬ ውስጥ 12 ሳሶ ዶሮዎች አሉኝ። ቤታቸው የባሕር ዛፍ ማገርና ጭቃ ነው። 3 ዓመት አገልግሎ አሁን በቃው። ጭቃው በተሰነጠቀበት ሁሉ ደም የምትመጥ ትንሽ ቀይ ተባይ ተሰግስጋለች። ቀን አትታይም፤ ማታ በባትሪ ሳይ ግን ቆጡ ሥር ትርመሰመሳለች። አመድ ነሰነስኩ፣ ግድግዳውን ኖራ ቀባሁ፣ ሰጋቱራውን በየሳምንቱ ቀየርኩ። ለጥቂት ቀን ጋብ ትልና ትመለሳለች። ሁለቱ ዶሮዎች አናታቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ገርጥቶ እንቁላል አቁመዋል፤ በጣም አሳዘኑኝ።

ብሎኬት ተለስኖ ወለሉ ሲሚንቶ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ በውኃ ይታጠባል፣ ሸለምጥማጥም አይገባበትም። ግን ግቢው የኪራይ ነው፣ ስወጣ ጥዬው ልሄድ ነው። ስለዚህ በብረት ፍሬም የሚቆምና የሚነቀል የቆርቆሮ ቤት አሰብኩ። የጨነቀኝ ብርዱ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ቆርቆሮው ሌሊት ከውስጥ ያልበዋል፤ ጠብታው ሰጋቱራውን ካረጠበው ሽታውም በሽታውም ይመጣል። ከውስጥ ኮምፔንሳቶ ብለብጠው ደግሞ ተባይዋ ከኋላው ትደበቃለች ብዬ ፈራሁ።

በደጋ አገር የቆርቆሮ ቤት የሠራችሁ፣ ላቡን እንዴት ተቆጣጠራችሁት? የአየር መውጫውን ከጣሪያው ሥር ምን ያህል ከፈታችሁ? ቆጡስ እየተነቀለ ፀሐይ እንዲመታው በብረት ቱቦ ይሻላል ወይስ በእንጨት? ክረምቱ ሳይገባ መጀመር እፈልጋለሁ፣ እባካችሁ የሞከራችሁትን ንገሩኝ።