የአጼ ሱስንዮስ ዘመን ላይ ቆሜያለሁ፤ ልዝለለው?

ጠያቂዋ (ባሕር ዳር)፦
ዘንድሮ 12 የታሪክ መጽሐፍ ላነብ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ፤ በወር አንድ። ከሥራ ስወጣ ጣና ዳር ዛፍ ሥር ተቀምጬ፣ ፊደሉ እስኪጠፋኝ አነባለሁ። ሦስተኛው ላይ ግን ተያዝኩ። የኢየሱሳውያኑ (የካቶሊክ ሚስዮናውያኑ) ክርክር፣ ዓመፁ፣ የመኳንንቱ ስም ተደባለቀብኝ። ልዝለለው ስል ደግሞ ሆዴ እሺ አይልም፤ እዚሁ ሐይቃችን ዙሪያ የሆነ ነገር እኮ ነው።

መልስ 1፦
እህቴ፣ አትዝለይው! በእ.ኤ.አ. ሦስት ዓመት ብቻ ያዢ፦ በ1622 ንጉሡ የካቶሊክን እምነት ተቀበሉ፤ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ በ1636 ጎንደር ተቆረቆረች። ስሞቹን በእነዚህ መካከል ሰካኪያቸው።

መልስ 2፦
ቅዳሜ ጢስ ዓባይ ውረጂ። ፏፏቴው አጠገብ ያለው አሮጌው የድንጋይ ድልድይ በአጼ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራ ነው። ለእኔ ምዕራፉ የተገለጠልኝ እዚያ ላይ ቆሜ ነው። የአጼ ፋሲለደስ አፅም ያለው ጣና ደሴት ላይ ባለው ገዳም፣ ዳጋ እስጢፋኖስ ነው፤ ሴት ስለማይገባበት ግን ዘጌ ተሻገሪ፣ የኡራ ኪዳነ ምሕረትን ገዳም እዪ።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ዓመታቱን መጽሐፉ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ ጻፍኳቸው። 12ቱ 10 ቢሆኑም ይሁን፤ ቅዳሜ መጽሐፉን ይዤ ድልድዩ ጋ ነኝ።