ፓሽን ፍሩቴ ያብባል፣ ፍሬ ግን አይዝም። ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)፦
ሰላም ጀመዓ። ከበላሁት ቢጫ ፓሽን ፍሩት ዘር አስቀርቼ ጓሮ ተከልኩ። አንዷ ብቻ ተረፈች። አሁን ሁለት ዓመቷ ነው፣ ሐረጓ አጥሩን አልፎ ጎረቤት ገብቷል። አበባዋን አትጠይቁኝ፤ ግን በማግስቱ ጠውልጎ ይረግፋል። ዩሪያ ብጨምርባት ቅጠሉ ብቻ ባሰበት። ባለቤቴ «ቁረጫትና ጎመን እንትከል» እያለኝ ነው።

የጓሮ ሰው፦
አብሽሪ እህቴ፣ አትቁረጫት። በሽታ አይመስለኝም፣ ጓደኛ አጥታ ነው። ሐምራዊው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ በራሱ የአበባ ዱቄት ፍሬ ይይዛል። ቢጫው ግን የራሱን ዱቄት አይቀበልም፣ ከሌላ ተክል መምጣት አለበት። ከራሷ ቅርንጫፍ ቆርጠሽ ብትተክዪም ዋጋ የለውም፤ ያው እሷው ናት። ከሌላ ሰው ግቢ ችግኝ ፈልጊ።

የቦርከና ልጅ፦
ችግኙ እስኪደርስ በእጅሽ አዳቅያት። ቢጫ ፓሽን ፍሩት ካለው ሰው የተከፈተ አበባ ለምኚ። ቀረብ ብለሽ ስታዪው ዱቄት የያዙ አምስት ከረጢቶች ወደ ታች ተደፍተዋል። ከነሱ በላይ የምስማር ራስ የሚመስሉ ሦስት ነገሮች አሉ። ዱቄቱን በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ወስደሽ ያንቺዎቹን ሦስቱንም ቀቢ። ቢጫው የሚከፈተው ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ነው፣ ጠዋት ሄደሽ እንዳትለፊ። ዝናብ የመታው ዱቄትም አይሠራም። ደግሞ እንጨት የሚበሳውን ትልቅ ጥቁር ንብ አታባርሪ። እኔ ስንት ጊዜ በመጥረጊያ አሳድጄዋለሁ! ለካ ይህን ሥራ በነፃ የሚሠራልን እሱ ነው።

ከደሴ፦
ዩሪያውን ተዪው፣ የበሰበሰ ፍግ ይበቃታል። ፍሬው የሚመጣው አዲስ ቀንበጥ ላይ ስለሆነ የደረቀውንና የተጠላለፈውን ግረዢላት። እኛ ጋ ቢጫውን ብርዱ ጨረሰብን። ሐምራዊው ግን ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር ይዞልኛል። እናንተ ቆላ ቀመሶቹ ሙቀቱ እያላችሁ ታማርራላችሁ!

ጠያቂ (ከአሥር ቀን በኋላ)፦
ባለቤቴ መሰላል ያዘልኝ፣ ዘጠኝ አበባ ቀባሁ። አምስቱ ረገፉ። አራቱ ግን አብጠዋል፣ የወይራ ፍሬ ያክላሉ! መቼ ነው የሚለቀሙት?

የጓሮ ሰው፦
ከሁለት ወር ተኩል ገደማ በኋላ። አትቁረጪያቸው፣ ሲበስሉ ራሳቸው ይወድቃሉ። ጠዋት ጠዋት ከሥሯ ልቀሚ። የጎረቤትሽን ግቢም አስፈቅደሽ እዪ፣ ሐረጓ እዚያ ገብታለች ብለሻል።