የትል ፅንስ ፊትና ኋላውን በምን ይለያል? በድሬዳዋ ሙቀትስ ለተማሪዎች ማሳየት ይቻላል?

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ መምህር፣ ድሬዳዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼ የህዋስ ክፍፍልን በዓይናቸው ላሳያቸው ተነሥቻለሁ። ከቀፊራ ገበያ የገዛሁት ማንጎ አፈር ላይ እስኪበሰብስ ትቼው፣ 1 ሚሊሜትር የሚያህሉ ድቡልቡል ትሎች አገኘሁበት። አንዷን በምላጭ ስቆርጣት እንቁላሎች ወጡ። ባለ አንድ ህዋሱን መርጬ 2 ሰዓት ብጠብቅም አልተከፈለም፤ ጠቁሮ ቀረ።

ሁለተኛው ጭንቀቴ ይበልጣል። አንዲት ተማሪ «ገና አንድ ህዋስ ከሆነ ፊቱንና ኋላውን ማን ነገረው?» አለችኝ። ፓር የሚባሉ ፕሮቲኖች «እርስ በርስ ይገፋፋሉ» የሚል አንብቤአለሁ፤ እንዴት እንደሚገፋፉ ግን ማስረዳት አቃተኝ። እስከ ሰኞ ቀጠሮ ጠይቄአታለሁ።

መልስ 1፦ የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ሐረር

መምህር፣ መጀመሪያ ሙቀቱን ይጠርጥሩ። ቤተ ሙከራ ውስጥ የምትረባው ትል፣ ሲ. ኤሌጋንስ፣ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው የሚስማማት፤ ከዚያ ካለፈ መራባት ያቅታታል። የእርስዎ ትሎች ሌላ ዝርያ ሊሆኑ ቢችሉም የግንቦት ሙቀታችሁን የሚወዱት አይመስለኝም። ዕቃቸውን በእርጥብ ጆንያ በተጠቀለለ እንስራ ውስጥ ያኑሩ፤ ሥራውንም ጎህ ሲቀድ ይጀምሩ። የማይክሮስኮፑ አምፖል የድሮ ዓይነት ከሆነ መስታወቱን ያግለዋልና እያዩ ካልሆነ ያጥፉት።

ሌላው ስስ የመስታወት ክዳኑ ነው፤ እንቁላሉን ይጨፈልቀዋል። በአራቱ ማዕዘን ጥቂት ቫዝሊን ያድርጉለት። ከሚወጡት እንቁላሎች ውስጥ ሁለት ፈዛዛ ክቦች የሚታዩበትን ይምረጡ። አንዱ የእናት፣ አንዱ የአባት ኒውክለስ ነው፤ ተጉዘው ከመሐል ወደ ኋላ ባለው በኩል ሲገናኙ ካዩ ዓይንዎን እንዳይነቅሉ፣ ክፍፍሉ ቀርቧል።

መልስ 2፦ የሞለኪዩላር ባዮሎጂ ተማሪ

የተማሪዎ ጥያቄ የዋዛ አይደለም። ኬኔት ኬምፊየስና ባልደረቦቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1988 የፓር ዘረ-መሎችን ያስተዋወቁት ከዚሁ ጥያቄ ተነሥተው ነው፤ ትልቅና ትንሽ ሆኖ መከፈል ሲገባው እኩል የሚከፈል ፅንስ አግኝተው።

በመጀመሪያ ፓር-3፣ ፓር-6 እና ፒኬሲ-3 የህዋሱን ሽፋን ዙሪያውን ይይዙታል። የወንዴው ዘር ይዞት የገባው ሴንትሮሶም (የህዋሱን ክሮች የሚያደራጀው አካል) ባለበት ጎን፣ ከሽፋኑ ሥር ያለው መኮማተር ይላላል፤ እነዚያ ፕሮቲኖች ወደ ሌላው ጫፍ ይሳባሉ። በለቀቁት ቦታ ፓር-1 እና ፓር-2 ይሰፍራሉ፤ ያ ኋላ ይሆናል። ስለዚህ ለልጅቷ፣ የነገረው የወንዴው ዘር ነው ይበሏት።

መገፋፋቱ እንደ ማግኔት አይደለም። ፒኬሲ-3 ኤንዛይም ነው፤ ፓር-2 ላይ ፎስፌት ይለጥፋል፣ ያን ጊዜ ፓር-2 ሽፋኑን መጨበጥ ተስኖት ወደ ሳይቶፕላዝም ይመለሳል። በኋላ በኩል ደግሞ ፓር-1 ፓር-3ን እንዲሁ ያደርገዋል። ፒኬሲ-3 ከተወገደ ፓር-2 ዙሪያውን ይወርሳል፤ ፓር-2 ከተወገደ የፊቶቹ ወደ ኋላ ይስፋፋሉ። ድንበሩ የሚጸናው ሁለቱም ወገን ስላለ ነው።

መልስ 3፦ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ሐረር

ልጄ፣ አንድ ነገር አደራ። በትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ የሚታየው የእነዚህ ፕሮቲኖች ሥራ ውጤት ነው፤ ፕሮቲኖቹ አይታዩም። እነሱን ለማየት የሚያበራ ፕሮቲን ይቀጠልባቸዋል፤ ሳይንቲስቱ ማርቲን ቻልፊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 ዘዴውን ያሳየው በዚህችው ትል ጭምር ነው። አንድ ቦታ ላይ አብረው መታየታቸውም ተነካክተዋል ማለት አይደለም። ለዚያ አንዱን ፕሮቲን በፀረ እንግዳ አካል አጥምደው ሌላው ተያይዞ ይወጣ እንደሆነ ይፈትሻሉ። እሱም ጥንቃቄ ይሻል፤ ፅንሱ ሲፈጭ በሕይወት ሳለ ተገናኝተው የማያውቁ ፕሮቲኖች ሊጣበቁ ይችላሉ። ይህን ልዩነት ለልጆቹ ሳይነግሩ አይለፉ።

ጠያቂው፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ዛሬ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ጀምሬ፣ በ400 እጥፍ ማጉላት አየሁት። ሁለቱ ክቦች ተገናኙ፣ ወደ መሐል መጡ፣ ከዚያ ስንጥቁ ከመሐል ትንሽ ወደ አንድ ጫፍ ተጠግቶ ወረደ። ትልቁ ህዋስ ቀድሞ ተከፈለ፤ ትንሹ ጥቂት ደቂቃ ዘግይቶ ተከተለ። ሰኞ ልጅቷን ከሁሉም አስቀድሜ አስቀምጣታለሁ።